ጎብኚና ተሻጋሪ

ከደባርቅ ተነሥቶ የሰሜንን ተራሮች በእግሩ የሚያቋርጥ መንገደኛ፣ ሳንቃ በርን፣ ግጭንና ጨነቅን አልፎ ከቧሂት አናት አጠገብ ሲደርስ መሬት በድንገት የከዳችው ይመስለዋል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው፣ ጅብራ ከሚበቅልበትና ዋልያ ከሚሰማራበት ብርዳም አፋፍ መንገዱ ቁልቁል ወደ መሸሃ ወንዝ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ጉልበት ይዝላል፤ ዓይን ግን አይጠግብም። ገደሎቹ ማዶ ለማዶ ይተያያሉ፤ በመካከላቸው አሞራ ያንዣብባል፤ ውሃው ከታች እንደ ክር ይታያል። መንገደኛው ወንዙ ዳር ሲደርስ የጀርባ ሻንጣውን ያወርዳል፤ ጫማውን ያወልቃል፤ የጋለ እግሩን ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ይነክራል። በዚያች ቅጽበት ዓለም ለእርሱ ብቻ የተሠራች ያህል ይሰማዋል። አይፈረድበትም።

ውሃው ግን በእርሱ እግር ሥር አይቆምም። መሸሃ ወደ ተከዜ ይገባል። ከላስታ ተራሮች የሚነሣው ተከዜ በአንዳንድ ስፍራ ጥልቀቱ ከ2,000 ሜትር እንደሚበልጥ የሚነገርለትን ሸለቆ እየሰነጠቀ መጀመሪያ ወደ ሰሜን፣ ኋላም ወደ ምዕራብ ይጓዛል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀውን 188 ሜትር ከፍታ ያለውን ግድብ አልፎ ወደ ሑመራ ቆላ ይወርዳል፤ ሰቲት በሚለው ሁለተኛ ስሙ በሐምዳይት በኩል ሱዳን ይገባል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቁት መንታ ግድቦች በሚገኙበት አካባቢም ከአትባራ ጋር ይቀላቀላል። የአፋፉ ብርድና የገዳሪፍ ሐሩር በአንድ ውሃ የተሳሰሩ ናቸው።

በዚህ በታችኛው ዳርቻም ጫማውን አውልቆ እግሩን ውሃው ውስጥ የነከረ መንገደኛ አለ። ሻንጣው በጨርቅ የተቋጠረ ነው፤ አንዳንዴም የለውም። ጫማው፣ ካለው፣ ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ ነው። ወደ ኋላው ይመለከታል፤ የሚመለከተው ግን የመልክዓ ምድሩን ውበት ለማድነቅ አይደለም፤ የተከተለው ሰው እንዳለ፣ የቀረበትም ሰው እንዳለ ለማየት ነው።

እነዚህን ሁለት መንገደኞች ጎን ለጎን ማቆም አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ያስነሣል። በአንድ ወንዝ ላይ፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ፣ አንዱ በነጻ ፈቃዱ እየተራመደ ዓይኑን ሲያጠግብ ሌላው ነፍሱን ለማዳን ከሸሸ፣ ቆሞ ማድነቅ ተገቢ ነውን? ወይስ ሰው የተሠቃየበትን ገደል «ውብ ነው» ማለት በራሱ የልብ ድንዳኔ ነው?

ገዳሪፍና አካባቢዋ የሚኖር አማርኛ አንባቢ ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ መማር አያሻውም። በተለምዶ «የሰባ ሰባቱ» በሚባለው የ1977 ዓ.ም. ረኀብ ወቅት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከትግራይ፣ ከወልቃይት፣ ከጎንደርና ከሌሎችም ስፍራዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ወርደዋል። ብዙዎቹ የሳምንታት መንገድ የተጓዙት በእግራቸው ነበር፤ የጦር አውሮፕላን እንዳያያቸው ቀን በጥሻ ተሸሽገው ሌሊት ይሄዱ ነበር። ከእነርሱ ጋር ወደ ኡም ራኩባና ወደ ተዋዋ ከወረዱት ቤተ እስራኤላውያን መካከል እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 ድረስ 8,000 ያህሉ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወስደዋል። በመንገድና በመጠለያ የሞቱት 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ራኩባ በሱዳን ዐረብኛ የሣር ዳስ ማለት ነው፤ ኡም ራኩባም «ባለ ዳሷ» እንደ ማለት ነው። ዳሷ በኋለኛው ዘመንም ሥራ አልፈታችም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲነሣ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ40,000 የሚበልጡ ሰዎች በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል ድንበሩን ተሻገሩ፤ ኡም ራኩባም ዳግመኛ ተከፈተች።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ስለ ዳኝነት ኃይል ባሳተመው መጽሐፉ ውበትንና ከውበት ከፍ ብሎ የሚያስፈራውን ነገር ለይቶ ይመረምራል። ለዚህ ለሁለተኛው በአማርኛ የሚቀርበው ቃል «ግርማ» ሳይሆን አይቀርም፤ ግርማ ያስከብራል፣ ያርዳልም፤ «ግርማ ሌሊት» ሲባል ሰው የሚረዳው ይህንኑ ነው። የተንጠለጠለ ቋጥኝ፣ ነጎድጓድ፣ እሳተ ገሞራ፣ ከፍ ካለ ስፍራ የሚወረወር ፏፏቴ፣ እነዚህ ሁሉ ሲያስፈሩ ደግሞ ይስባሉ። ነገር ግን ካንት አንድ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ተመልካቹ ራሱ አደጋ በማይደርስበት ቦታ መቆም አለበት። ገደሉ ጫፍ ላይ የሚንገዳገድ ሰው ስለ ግርማው ሊፈርድ አይችልም፤ ፍርሃቱ ዓይኑን ይይዘዋል።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ስሙ ያልተነገረ ገበሬ ብቅ ይላል። የጄኔቫው ሊቅ ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶሲር በአልፕስ ተራሮች ሲዘዋወር ያገኘው የሳቮይ ሰው ነው። ይህ ገበሬ የበረዶ ተራራ ወዳጆችን ሁሉ ያለ አንዳች ማመንታት ሞኞች ይላቸው ነበር። ካንት ገበሬው ጤናማ አእምሮ እንዳለው ይቀበላል፤ ሆኖም በግርማው ለመመሰጥ የአእምሮ መታነጽ ያስፈልጋል ወደሚል መደምደሚያ ያመራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ያሻል። ካንት ዕድሜውን በሙሉ ከተወለደባት ከኬኒግስበርግ አካባቢ ርቆ አልሄደም፤ አልፕስን በዓይኑ አላየም። ገበሬው ግን በተራራው ሥር ይኖር ነበር። የበረዶ ናዳ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ፍልስፍና አላስፈለገውም። «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባላል፤ ገበሬው ግን «ዓባዩን» ያየ ነው፤ ያላመሰገነውም ስላየው ነው።

ከዚህ ክርክር የሚወጣው ቁም ነገር ግን ካንትን ለመርታት ብቻ የሚውል አይደለም። ካንት የተናገረው እውነት ከሆነ፣ የገደሉ ግርማ ከገደሉ ብቻ አይመነጭም፤ ከተመልካቹ ደኅንነትም ይመነጫል። መሸሃ ዳር ጫማውን ያወለቀው መንገደኛ ያን ደስታ ያገኘው ስንቁ ስለተሟላ፣ የሚያሳድደው ስለሌለ፣ ማታ የሚያድርበት ስለታወቀ ነው። ያን ደኅንነት ደግሞ በጉልበቱ አላፈራውም። በየትኛው ዘመን፣ በየትኛው ዳርቻ እንደተወለደ የመረጠ ሰው የለም። ስለዚህ የውበት ደስታ ስጦታ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ስጦታ የተቀበለ ሰው ደግሞ ባለ ዕዳ ነው። ጥያቄው፣ ይህ ዕዳ የሚከፈለው በምንድን ነው? የሚል ይሆናል።

አንዳንዱ፣ ሰው በሞተበት ስፍራ ስለ ውበት አይወራም፤ ዝም ማለት ይሻላል ይላል። ይህ አነጋገር ሐዘንን ስለሚያከብር መልካም ይመስላል። ነገር ግን ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ በዚህ ሕግ ቢኬድ በምድር ላይ የሚደነቅ ስፍራ አይተርፍም። ሁለተኛው ጉድለት ይብሳል፤ ሕጉ ከተሻጋሪው ላይ ሌላ ነገር ይነጥቃል። ተከዜ ለዚያች በሌሊት ለተሻገረችው ሴት መሸሻ ከመሆኑ በፊት አገሯ ነበር። ልብስ ያጠበችበት፣ ከብት ያጠጣችበት፣ ማዶ ያለችውን እኅቷን የጠራችበት ወንዝ ነው። አንድ የመከራ ሌሊት ያን ሁሉ ዘመን ሊውጠው አይገባም። «ያ ወንዝ ውብ ነው» የማለት መብት ከማንም ይልቅ የእርሷ ነው።

ሌላው ደግሞ፣ ገደል ምን አጠፋ? ተፈጥሮ ከሰው ጠብ የጸዳች ናት፤ ጎብኚ አየር ተንፍሶ ይመለስ እንጂ የታሪክ ሸክም አይጫንበት ይላል። ይህን አባባል የግጭ መንደር ነገር ያፈርሰዋል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለትውልዶች በፓርኩ ውስጥ የኖሩት የግጭ ነዋሪዎች ከመንደራቸው ተነሥተው ወደ ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርገዋል። ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች ነበሩ። ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ከመጥፋት ማዳን ያስፈልግ እንደነበር መካድ አይቻልም፤ ግጦሹና እርሻው ተራራውን እያራቆተው ነበር። ሆኖም ዛሬ በግጭ አፋፍ ላይ የሚቆም ጎብኚ የሚያየው ጸጥታ በተፈጥሮ ብቻ የተገኘ አይደለም። የሰው ምድጃ ጠፍቶ የተገኘም ነው። ዕይታው ዋጋ ተከፍሎበታል፤ ዋጋውን የከፈለው ደግሞ ጎብኚው አይደለም።

እንግዲህ አለማየትም፣ እንዳላወቁ ሆኖ ማየትም ዕዳውን አይከፍሉም። የሚከፍለው ምናልባት ቋንቋው ራሱ አስቀምጦት ይሆናል። በአማርኛ «ጎበኘ» የሚለው ቃል ለሽርሽር ከመዋሉ በፊት ሌላ ሥራ ነበረው። እረኛ መንጋውን ይጎበኛል፤ ገበሬ እህሉ እንዴት እንደ ሰነበተ ለማወቅ ማሳውን ይጎበኛል፤ በቤተ ክርስቲያን አነጋገርም እግዚአብሔር ሕዝቡን ይጎበኛል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ መጎብኘት ማለት ሄዶ ደኅንነትን ማረጋገጥ፣ የጎደለውን ማየት፣ ኃላፊነት መውሰድ ነው። የገዳሪፍ ዐረብኛ ይህን በሁለት ቃል ይለየዋል። ዘመድን፣ ሕመምተኛን፣ የቅዱስ ሰው መቃብርን ለማየት የሚደረግ ጉዞ «ዚያራ» ነው፤ አገር ለማየት የሚደረገው «ሲያሓ» ይባላል። የሚያስደንቀው ሲያሓም ቢሆን በጥንቱ አጠቃቀም የመናንያንን በምድር ላይ መንከራተት ያመለክት እንደነበር ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች፣ አገር ማየት የሚባለው ነገር ከመምጣቱ በፊት፣ የእግር መንገድ የልብ ጉዳይ መሆኑን ያውቁ ነበር።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ሦስተኛ መንገደኛም አለ። ከሰሜን ተራሮች ግርጌ፣ ከተከዜ ሸለቆ ሳይርቅ፣ የዋልድባ ገዳም ይገኛል። መነኮሳቱ እህል ትተው ቋርፍ በልተው የሚኖሩበት ቆላ ነው። ወደዚያ የሚወርድ ተሳላሚ የሚረግጠው ገደል ጎብኚው ከሚረግጠው አይለሰልስም፤ የሚያየውም ሸለቆ ያው ነው። ልዩነቱ፣ ተሳላሚው የሚሄድበት ስፍራ ባለቤት እንዳለው ያውቃል። ሲደርስ ጎንበስ ይላል፤ የሚኖሩበትን ይጠይቃል፤ ያረፉትን ያስባል። ይህን ለማድረግ መነኩሴ መሆን አያሻም። የሰሜንን ገደል ሊያይ የሚወርድ ሰው መንገድ መሪውን «ይህ ጫፍ ስንት ሜትር ነው?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ «እዚህ ማን ይኖር ነበር? ወዴትስ ሄደ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጉብኝቱ ወደ ጥንት ትርጉሙ መመለስ ጀምሯል።

ወንዙ በዚህ ትርጉም የተጎበኘበት አንድ ወቅት አለ፤ ለማስታወስ ግን ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 ክረምት ሰቲት ሞልቶ ሲወርድ አስከሬኖች ይዞ ወረደ። አንዳንዶቹ እጃቸው የታሰረ ነበር። በሱዳን በኩል፣ በወድ አልሕሌው አካባቢ፣ የመንደሩ ሰዎችና ከእነርሱ ጋር የተጠለሉ ስደተኞች ወደ ውሃው ገብተው ሬሳዎቹን እያወጡ ቀበሩ። የብዙዎቹን ስም አያውቁም ነበር። ማንም አላዘዛቸውም፤ ወንዙ ያመጣውን እንዳላዩ ሆነው ማለፍ ይችሉ ነበር። በዚያ ወራት ሰቲት ዳር የቆመ ሰው ስለ ግርማ ማሰብ አይቻለውም። ሆኖም የመጎብኘትን ሙሉ ፍች የሚሻ ሰው ከእነዚያ ሰዎች የተሻለ መምህር አያገኝም። አዩ፤ ገቡ፤ አወጡ፤ ቀበሩ።

ደኅንነት ስጦታ ነው ከተባለ፣ የሚወሰድ ስጦታ መሆኑም መነገር አለበት። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በጁን 1861 አትባራን ሲያገኘው ወንዙ ደርቆ በአሸዋው ላይ ጥቂት ኩሬዎች ብቻ ቀርተው ነበር። በአንዲት ሌሊት እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ በአሸዋው ላይ የተኙት ሰዎች «ወንዙ መጣ» እየተባለ እየተጮኸ በጨለማ ሸሽተው ወደ ዳርቻው ወጡ። ሲነጋ፣ ትናንት ደረቅ አሸዋ የነበረው ስፍራ ሰፊና ጥልቅ ወንዝ ሆኖ ይፈስስ ነበር። እዚያ ሰማዩ አልጠቆረም፤ ዝናቡ የዘነበው በሩቁ፣ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ነበር። ቤከር ይህንና ቀጥሎ በሰቲት፣ በአንገረብና በሌሎቹ ገባሮች ያደረገውን ጉዞ የጻፈበት መጽሐፍ በ1867 ታተመ። የዚያች ሌሊት ትምህርት ግን ከወንዝ ጥናት ያልፋል። ማታ ሲተኙ አሸዋው የተደላደለ መኝታ ነበር።

ገዳሪፍ ይህን በራሷ ላይ አይታዋለች። ለስድሳ ዓመታት ገደማ ከምሥራቅ የሚመጣውን ስደተኛ ስትቀበል የኖረች ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ከካርቱም የሚሸሹትን ተቀበለች። ከእነርሱም ብዙዎች መንገዳቸውን ቀጥለው በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። ሱዳናውያን ነበሩ፤ በሱዳን ለዓመታት የኖሩ ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። በአማራ ክልል ኩመርና አውላላ የተባሉ መጠለያዎች ተከፈቱላቸው። ግን በዚያም ዝርፊያና ጥቃት አገኛቸው፤ በ2024 ከአውላላ ወጥተው በጫካና በመንገድ ዳር ወራት የገፉ ብዙዎች ናቸው። በሰባ ሰባት የሣር ዳስ ለዘረጋ ሕዝብ ልጆች የተመለሰው ብድር ይህ ከሆነ፣ ስለ ሸለቆው ውበት ከመነጋገር በፊት ስለዚህ ማፈር ይገባል። መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚያስኬድ የማያውቅ ሰው፣ ዛሬ የቆመበትን ዳርቻ ዘላለማዊ አድርጎ ያያል።

ታዲያ ሰሜን ተራራ አፋፍ ላይ የቆመው መንገደኛ ምን ያድርግ? ይመልከት። እስኪጠግብ ይመልከት፤ ዓይኑን ጨፍኖ ቢመለስ ማንም አይጠቀምም። ግን ውሃው ወዴት እንደሚሄድ እያወቀ ይመልከት። ግዕዝ «ተከዚ» ሲል ወንዝ ማለቱ ነው፤ አማርኛ ደግሞ «ትካዜ» ሲል ሐዘን ማለቱ ነው። ቃላቱ ዝምድና ይኑራቸው አይኑራቸው የሊቃውንት ጉዳይ ነው፤ ለጆሮ ግን አንድ ፊደል አይራራቁም። ያን ወንዝ እያደነቁ ጥቂት መተከዝ ደስታን አያጠፋም፤ ደስታው ከየት እንደመጣ ያሳውቃል እንጂ።

ለተሻጋሪውስ? እ.ኤ.አ. በ1985 ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የትግራይ ገበሬዎች ከሱዳን መጠለያዎች ተነሥተው በመጡበት መንገድ በእግራቸው ተመልሰዋል። ረኀቡ ገና አላበቃም፤ ጦርነቱም አላበቃም፤ የመዝሪያው ወቅት ግን አይጠብቅም ነበር። በዚያ ጉዞ ወንዙን ዳግመኛ ያገኙት እየተሳደዱ አልነበረም፤ ወደ ማሳቸው እየሄዱ ነበር። ያው ውሃ፣ ያው ድንጋይ፣ ያው እግር ነው፤ የተለወጠው የጉዞው ፈቃድ ብቻ ነው። የሰላም መለኪያው ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከብዙ መልሶች መካከል አንዱ ይህ ሊሆን ይችላል፤ በሌሊት የተሻገረች ሴት ከፈለገች አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ተመልሳ፣ ዳርቻው ላይ ተቀምጣ፣ ወንዙን ለማየት ብቻ ማየት የምትችል መሆኗ።

ከፈለገች የሚለው ቃል መዘለል የለበትም። በዚያ ማዕበል ልጇ ከእጇ ያመለጠባት እናት ወንዙን ዳግመኛ ላለማየት ብትምል፣ ማንም ስለ ግርማው ሊያስረዳት አይገባም። እርሷ ከሳቮዩ ገበሬ ጋር ናት፤ የምታውቀውን ታውቃለች። ለሌሎቹ ግን በሩ ክፍት ይሁን። ያን ጊዜ የገዳሪፍ ሰው ጓዙን ሸክፎ በሐምዳይት አድርጎ ወንዙን ወደ ላይ ይከተላል፤ የደባርቁ ሰው በመሸሃ በኩል ይወርዳል፤ ሸለቆው ውስጥ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ከሁለቱ የትኛው ጎብኚ፣ የትኛው ተሻጋሪ እንደሆነ በእግራቸው ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ጫማቸውን አውልቀው ውሃው ውስጥ ይነክራሉ፤ በሶ ይበጠብጣሉ፤ አንዱ ሌላውን «በመንገድ ደኅና ነበርክ ወይ?» ብሎ ይጠይቀዋል።